የነገ ሊጥ

ፒዛ ቤት ውስጥ የዛሬን ሊጥ የሚያቦካ የለም። ዛሬ የሚቦካው የነገ ነው። ሊጡ ተድቦልቡሎ፣ በትሪ ተደርድሮ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ማደር አለበት። ያላደረ ሊጥ ሲለጠጥ ይቀደዳል፤ ቢጋገርም ጥሬ ጥሬ ይላል። ስለዚህ የሊጥ ሠራተኛ ሥራ ማቡካት ብቻ አይደለም፤ ነገ ስንት ሰው እንደሚርበው ዛሬ መገመትም ነው። አብዝታ ከገመተች ትርፉ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ይገባል። አሳንሳ ከገመተች ደንበኛ በር ላይ ይመለሳል፤ አንዴ የተመለሰ ደግሞ ሌላ ቀን እግሩ ወደዚያ አያደርሰውም።

እትዬ ስትገምት የኖረች ሴት ናት። «እትዬ» ያላት መጀመሪያ ታናሽ እህቷ ነበረች፤ ከእህቷ አፍ ሠራተኛው ሁሉ ተቀበለ። በዕድሜ የሚበልጣት ምድጃ ጠባቂ እንኳን እትዬ ይላታል። የቤቱ ባለቤት ብቻ ነው የማይላት። እሱ ደስ ሲለው «አንቺ ልጅ»፣ ሲቆጣ ደግሞ «እመቤት» ይላታል። «እመቤት» የሚለው ቃል ከተሰማ ሁሉም ሰው የሚወለውለው ነገር ይፈልጋል።

ባለቤቱን ጋሼ ይሉታል። ቀድሞ ፎቶ ቤት ነበረው። የሙሽራ፣ የተመራቂ፣ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳ ነበር። ስልክ ሁሉ ካሜራ ሲሆን ወንበሩ ላይ የሚቀመጥለት ሰው ጠፋ። ካሜራዎቹን፣ መብራቶቹን፣ ሰማይና ባሕር የተሳለበትን መጋረጃ ሳይቀር ሸጠና የሌላ ሰው ምልክት በሩ ላይ የመስቀል መብት ገዛ። ፍራንቻይዝ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው። ቤቱን ትከራያለህ፣ ሠራተኛ ትቀጥራለህ፣ ኪሳራውን ትሸከማለህ። ስሙ ግን የሌላ ነው። ዱቄቱን፣ ቺዙን፣ የቲማቲም ስጎውን፣ ካርቶኑን ከዋናው ቢሮ ትገዛለህ፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይም ለዋናው ቢሮ ድርሻውን ትልካለህ። በምላሹ ማንም የማያውቅህ ሰው፣ አገር ሁሉ የሚያውቀውን ስም አንግበህ በሩን ስትከፍት ሰው ይገባልሃል።

እትዬ የተቀጠረችው ምልክቱ ገና ከነፕላስቲኩ መሬት ላይ ተጋድሞ ሳለ ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። ጋሼ «ፒዛ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«በልቼም አላውቅ» አለችው።

«እኔም እንደዚያው። ተቀጥረሻል።»

ሁለቱንም ያሠለጠናቸው ከዋናው ቢሮ የተላከ ሰው ነው። በደረት ኪሱ እንደ እስክሪብቶ የምትሰካ ቴርሞሜትር ነበረችው። ስጎ ውስጥ ይወጋል፣ ቺዝ ውስጥ ይወጋል፣ ያነባል፣ ይጽፋል። ሠልጥነው ከጨረሱም በኋላ ለቁጥጥር መምጣቱን አላቆመም። ቴርሞሜትሩ ብለው ስም አወጡለት። ፒዛ የሚያደርሰው ሞተረኛ ግን ከሁሉም የባሰ ስም ነበረው፤ ሁልጊዜ ስለሚዘገይ ጄቱ ይሉታል።

ሱቁ ተከፈተ። ከዚያም ሞላ። ፊት ለፊቱ ትምህርት ቤት አለ፤ ከጎኑ ቢሮዎች አሉ። እትዬ ዝናብ የሚዘንብበትን ቀን፣ ፈተና የሚያልቅበትን ሳምንት፣ ቢሮዎቹ ስብሰባ የሚያበዙበትን ወቅት እያየች ታቦካለች። ታናሽ እህቷ ሚጢ ትምህርቷን ስትጨርስ አመጣቻትና በዚያው ጠረጴዛ ላይ አስተማረቻት። ሚጢ ቶሎ ገባት። አፏም ቶሎ ይፈታል። ጄቱን «ትናንት የላክንህ ፒዛ ደረሰ እንዴ?» ብላ መጠየቅ የጀመረችው በተቀጠረች በሳምንቷ ነው። ቆይታ የፈረቃ ኃላፊ ሆነች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ መድረስ ጀመረ። ጋሼ ሰልፉን ሲያይ እጁን እያፋተገ ይደሰታል። ቴርሞሜትሩ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ከሰልፉ ጫፍ ላይ ሰዓታቸውን አይተው የሚሄዱትን ነው የሚያየው።

አንድ ቀን ፈገግ ብሎ መጣ።

«ጋሼ፣ መልካም ዜና። እያደግን ነው።»

«ማነው የሚያድገው?»

«ድርጅቱ ነዋ! ከትልቁ መንገድ ማዶ ሌላ ቅርንጫፍ ሊከፈት ነው። መቼም እርስዎም አብረው ያድጋሉ።»

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ የማድገው ወደ ጎን ብቻ ነው» አለ ጋሼ ሆዱን መታ መታ እያደረገ።

ከዚህ በኋላ ቀልድ አልነበረም። ማዶ ያለው ሠፈር በሙሉ፣ ከነስልክ ትእዛዙ፣ ለአዲሱ ቅርንጫፍ ሊሰጥ ነው። ድርጅቱ ደንብ አላጎደለም። ሁለተኛውን ቅርንጫፍ ራሱ እንዲከፍት አስቀድሞ ጋሼን ጠይቆት ነበር። ጋሼ እሺም እምቢም ሳይል ከረመ። አስቦበት ሳይሆን ፈርቶ ነው። እሱ ዝም ሲል ፋርማሲዎች ያሉት አንድ ሰው እሺ አለ።

ዋናው ቢሮ ጋሼን ጠልቶ አይደለም። ድርሻውን የሚያገኘው ከሽያጭ ላይ ነው፤ ማን ሸጠው የሚለው አያሳስበውም። አንድ ጢም ያለ ሱቅ የሚመልሳቸው ደንበኞች አሉ፤ ሁለት በግማሽ የሞሉ ሱቆች ግን የሚመልሱት የለም። ሁለቱ ሲደመሩ ከአንዱ ይበልጣሉ። ለዋናው ቢሮ ሒሳቡ ትክክል ነው። በግማሽ ለሚጎድለው ሱቅ ግን ያው ሒሳብ ሌላ ነገር ይናገራል።

«አንዴ ስልክ በላኝ» አለ ጋሼ ለእትዬ። «አሁን ደግሞ የራሴው ምልክት ሊበላኝ ነው።»

ፋርማሲ ያለው ሰው ማናጀር ፈለገ። ልቡ ያለው የወንድሙ ልጅ ላይ ነበር። ቴርሞሜትሩ ግን ሥራ የምታውቅ ሰው አለች ብሎ ሚጢን አቀረበለት። ሰውየው ተስማማ፤ ቁርጡንም ነገራት። የመክፈቻውን ቀን በደንብ ከተወጣችው ሥራው የእሷ ነው። ካበላሸችው የወንድሙ ልጅ እዚያው አጠገቧ ቆሞ ይጠብቃል።

ሚጢ ጋሼን ስትሰናበተው «ይቅናሽ» አላትና ፊቱን ወደ ማጠቢያው አዞረ። እሷ ከወጣች በኋላ እትዬን ጠራት።

«እህትሽ ናት፤ አልቀየማትም። ግን አንድ ነገር እወቂ። ከዚህ በር ወጥቶ በዚያኛው በር የገባ ነገር፣ ሰውም ይሁን ዕቃ፣ ወደዚህ አይመለስም።»

«ገባኝ ጋሼ።»

አዲሱ ቅርንጫፍ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው እትዬ የዱቄቱን ከረጢት ከፍታ «ለነገ ግማሽ ይበቃናል» አለች።

«ምን?»

«ሰው አዲስ ነገር ማየት ይወዳል። ለአንድ ቀን መሄዳቸው አይቀርም። አንድ ለገዛ አንድ በነፃ ብለው ለጥፈዋል።»

«ለአንድ ቀን የሄደ ለሁልጊዜ ነው የሚሄደው። የእኔ ደንበኛ ግን አይሄድም። እንዲያውም ከሌላው ቅዳሜ አስበልጠሽ አቡኪ።»

«ጋሼ፣ ይተርፋል።»

«አቡኪ አልኩ፣ እመቤት!»

ምድጃ ጠባቂው መወልወያውን አነሳ። እትዬ አቦካች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ጉርምርምታና ከመንገዱ ማዶ የሚመጣ የድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ብቻ ነበር። ጄቱ በቆመው ሞተሩ ላይ ጋለል ብሏል። ምድጃ ጠባቂው የወለወለውን ካውንተር ደግሞ ይወለውላል። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። በየቅዳሜው ልጆቿን ይዛ የምትመጣው አስተማሪ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ስታልፍ አያት። ሁለት ካርቶን ደራርባ ይዛለች፤ ልጆቹ ከኋላዋ ይሮጣሉ።

«ካርቶኑ የእኛ ነው» አለ ጋሼ።

እውነቱን ነው። ካርቶኑ አንድ ዓይነት ነው።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ አነሳችው። ሚጢ ናት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ ከኋላዋ የቀዝቃዛው ክፍል ማራገቢያ ይሰማል።

«እትዬ፣ ሊጥ አለቀብኝ።»

«ገና ምሳ ሰዓት ላይ? ስንት ነው ያቦካሽው?»

«አንቺ ለቅዳሜ የምታቦኪውን ያህል። እንዲያውም ትንሽ ጨምሬበታለሁ።»

«ሚጢ፣ ዛሬ እኮ አንድ ለገዛ አንድ በነፃ ነው።»

ባዶ ትሪ ሲንኳኳ ተሰማ።

«ሰው ቆጠርኩ» አለች ሚጢ። «ሊጥ አልቆጠርኩም።»

«አንቺ ደደብ!» አለች እትዬ። በፍቅር አልነበረም።

«በኋላ ስደቢኝ። አሁን ሊጥ ላኪልኝ። ያ የወንድሙ ልጅ ካውንተሩ ጋ እጁን አጣጥፎ ያየኛል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነው የመጣው እትዬ፤ ለሥራ አይደለም፣ ለሹመት ነው የመጣው።»

ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ሊጥ መበደር የተለመደ ነው። አንዱ ያንሰዋል፣ ሌላው ይተርፈዋል፤ ሊጡ ያው አንድ ነው። ጋሼ ግን እስካሁን ጎረቤት ቅርንጫፍ ኖሮት አያውቅም። እትዬ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነገረችው። ጋሼ ፊቱን ከመስኮቱ አላዞረም።

«አይሆንም።»

«ማታ ሊደፋ ነው እኮ።»

«ይደፋ።»

«ለበርሜል ነው ታዲያ ያስቦኩኝ?»

ዞር አለ። «በዚህ ቤት ውስጥ ምልክቱ የነሱ ነው። ዱቄቱ የነሱ፣ ካርቶኑ የነሱ፣ አሁን ደግሞ ደንበኛውም የነሱ ነው። በርሜሉን ግን ራሴ ነኝ የገዛሁት። የፈለግኩትን እጨምርበታለሁ።»

ምድጃ ጠባቂው ሳቁን ዋጠ። ነገሩ ያስቃል፤ ሰውየው ግን አልቀለደም። እትዬ ይህን ታውቃለች። ይህ ሰው ሥራ አስይዟታል፤ እናቷ በታመመች ጊዜ ራሱ ሽርጥ አድርጎ እሷን ተክቶ ሊጥ አቡክቷል፤ ሊጡም እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ወዲህ ደግሞ እህቷ አለች። ሊጥ በሌለበት ፒዛ ቤት ካውንተር ላይ ቆማለች፤ ሰልፉ ይጮህባታል።

እጇን ታጠበች። ቀዝቃዛውን ክፍል ከፍታ ትሪዎቹን ማውጣት ጀመረች።

«ጄቱ፣ ሞተሩን አስነሳ።»

ጄቱ ጋሼን አየ። ጋሼ ጄቱን አላየም።

«ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?» አለ።

«አስታውሳለሁ።»

«እሺ፣ እመቤት።»

በዚህኛው «እመቤት» ላይ ቁጣ አልነበረበትም። ለዚያ ነው የከበዳት።

ትሪዎቹን ከፊሉን ሞተሩ ላይ ባለው ሣጥን፣ ከፊሉን በጭኗና በጄቱ ጀርባ መካከል ይዛ ተሻገረች። ጄቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን መሰለ።

በጓሮ በር ገቡ። እትዬ ያን ቤት ረግጣው አታውቅም፤ ግን ምኑም አልጠፋትም። ጠረጴዛው፣ ማጠቢያው፣ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚለው ማስታወቂያ ሁሉም እዚያው በለመደችው ቦታ ነው። ሳታይ እጇን ወደ ግራ ብትሰድ ቢላዋውን አገኘችው። የጎደለው የጠረጴዛው ጭረትና የግድግዳው ጥላሸት ብቻ ነበር።

የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ብቅ አለ። «ይህቺ ደግሞ ማናት?»

«ሊጥ አቅራቢያችን» አለች ሚጢ ዓይኗን ሳታሽ።

«በሞተር?»

«ትኩስ እንዲሆን ነው። ይልቅ አንተ ካርቶን ማጠፍ ታውቃለህ? አታውቅም? ናማ፣ አሳይሃለሁ።»

እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ቆሙ። አንዷ ትለጥጣለች፣ አንዷ ስጎ ትቀባለች። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከሰልፉ መሐል ጋሼን በስሙ የሚያውቁ ፊቶች ነበሩ። አስተማሪዋ አንደኛው ልጅ ገና አልጠገበም ብላ ተመልሳ መጥታለች፤ እትዬን ከካውንተሩ ጀርባ ስታያት ደነገጠች።

«ውይ እትዬ! እኛ እኮ… በነፃ ነው ሲባል ነው እንጂ…»

«ብሉ፣ ብሉ» አለቻት እትዬ። «ምን ችግር አለው።»

አስተማሪዋ ወስዳ እዚያው ገመጠች፤ ልጆቹም ገመጡ። ሊጡ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። እትዬ ስታያቸው አንድ ነገር ገባት። ይህን ሁሉ ዓመት ሰው የሚመጣው ለእጇ ይመስላት ነበር፤ ጋሼም ለእሱ ብለው የሚመጡ ይመስለዋል። ድርጅቱ የቆመው ግን ተቃራኒው ላይ ነው፤ ማን እንዳቦካው እንዳይለይ ሆኖ መሠራቱ ላይ። እንዲያ ባይሆን ከመንገዱ ወዲህ የተቦካ ሊጥ ከመንገዱ ወዲያ ሚጢን አያድናትም ነበር። ጋሼም ያኔ ምንም ሳያውቅ ሱቅ ሊከፍት አይችልም ነበር። ጋሼን ያቆመውም የሚበላውም ያው አንድ ነገር ነው።

ሰልፉ ሲሳሳ ሚጢ በክርኗ ነካቻት። «ለምን እዚህ አትመጪም? ሰው ያንሰኛል። ምድጃ ላይ የሚቆም ሰው እንኳን ገና አላገኘሁም።»

«ሰው አመጣልሽ ይሆናል» አለች እትዬ።

«አንቺን ነው ያልኩት።»

መልስ ሳትሰጣት ቴርሞሜትሩ ገባ። ስጎው ውስጥ ወጋ፣ አነበበ። ከዚያ የተደረደሩትን ትሪዎች አየና ጠርዛቸው ላይ የተጻፈውን የቅርንጫፍ ቁጥር ለየ።

«እነዚህ የጋሼ አይደሉም? ጋሼ ላኩ?»

ሚጢ እህቷን አየች። እትዬ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«ጋሼ ላኩ» አለች።

«አያችሁ! ቤተሰብ ማለት ይህ ነው» አለና ስልኩን አወጣ። ከመከልከሏ በፊት ደወለ። «ጋሼ! አላሳፈሩኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ…» ብሎ ጀመረና ቆም ብሎ አዳመጠ። ቴርሞሜትሩ ስልኩን ዘጋ።

«ምን አሉ?» አለች እትዬ።

«ምንም አይደል አሉ። ትሑት ሰው ናቸው።»

ባዶ ትሪዎቹን ይዛ ስትመለስ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ጋሼ የሊጥ ጠረጴዛው ጋ ቆሟል። ትሪዎቹን ማጠቢያው ውስጥ አስቀመጠች።

«ተመለስሽ እንዴ?»

«ትሪዎቹ የእኛ ናቸው።»

«ያ ቴርሞሜትር ደውሎ አመሰገነኝ» አለ ጋሼ። «ስለምን እንደሚያወራ እስኪገባኝ ድረስ የተሳሳተ ቁጥር መስሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን አልነገሩትም?»

«ምን ልበለው? የገዛ ሠራተኛዬ ዘርፋኝ ሄደች ልበለው?» አንዱን ባዶ ትሪ አንስቶ አገላበጠ። «ሰዉ ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው።»

«የእኛዎቹም?»

«አሉበት።»

«አስተማሪዋ አየችሽ?»

«አየችኝ።»

«አፈረች?»

«ትንሽ።»

«ጥሩ» አለ ጋሼ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሽርጥ አድርጎ ነበር፤ ከኋላ አጣሞ ነው ያሰረው። ቀጥሎ የጠየቃትን ጠይቋት አያውቅም፤ እስካሁን ወይ እሷ ራሷ ትገምታለች፣ ወይ እሱ ያዛል።

«ለነገ ስንት ይበቃናል?»

«ግማሽ።»

«የነገውን ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

ጋሼ በመስታወቱ በኩል ወደ ውጭ አየ። ጄቱና ምድጃ ጠባቂው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስለ ሰልፉ ያወራሉ። ጄቱ በእጁ ርዝመቱን እያሳየ ነው።

«ሊጡ ግማሽ ከሆነ እነሱን ምን ላድርጋቸው?»

«ሚጢ ትወስዳቸዋለች። ስወጣ ነግሬያታለሁ።»

«ሳትጠይቂኝ?»

«ሳልጠይቅዎት።»

ጋሼ «እመቤት» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። «አንቺንስ? አልጠየቀችሽም?»

«ጠይቃኛለች። እዚያ ሊጥ የምታቦካ አለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዛሬ በኋላ መቁጠርም አትረሳም። እኔ ከሄድኩ እዚህ የሚያቦካው ማነው?»

ጋሼ አሰበበት። «እኔ።»

«እርስዎ።»

«እግዜር ያውጣን» አለና ተነሳ።

ወጥቶ ለሁለቱ የነገራቸው ራሱ ነው። ጄቱ ደስታውን ለመደበቅ ሲል የራስ ቁሩን አጠለቀ። ምድጃ ጠባቂው «ማዶ ያለው ምድጃ እንዴት ነው?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። «አዲስ ነው» ሲባል ራሱን ነቀነቀና ገብቶ የአሮጌውን ምድጃ በር በእጁ መዳፍ ጠረገው። ከዚያ ሽርጡን አውልቆ አጠፈው።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እትዬ ዱቄቱን ማደባለቂያው ውስጥ ገለበጠች። ጋሼ ውሃ ቀድቶ መጣና ማንቆርቆር ጀመረ።

«ይበቃል» አለችው።

«ገና ግማሽ እኮ ነው።»

«ግማሽ ነው ያልነው።»

ጋሼ ባልዲውን ቀና አድርጎ ያዘው። የቀረውን ውሃ ጥቂት አየው፤ ከዚያ ወስዶ ማጠቢያው ውስጥ ደፋው።